የመኪናውን ፎቶ ከሥር አንሡት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) መኪናን በጥቂት ገንዘብ ለአስቸጋሪ መንገድ ስለማዘጋጀት በመኪና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ። ሙያዬ የሒሳብ መዝገብ ነው። 31 ዓመት የሌሎችን ገቢና ወጪ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀረኝ መዝገብ አንድ ብቻ ነው፤ የመኪናዬ። ጸሐፊያችሁ የግድ ያስፈልጋሉ ብሎ የደረደራቸውን ዕቃዎች፣ መኪናውን ከፍ የሚያደርገውን ተጨማሪ ባሌስትራ፣ ትልልቁን ጎማ፣ እስከ ጣሪያ የሚወጣውን የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ የጣሪያ መብራቱን፣ የዕቃ መጫኛውንና የብረት ፓራውልቱን፣ መኪናውን በገመድ ስቦ ከሚያወጣው ዊንች በስተቀር ሁሉንም በየተራ ገዝቻቸዋለሁ። መዝገቤን ገልጬ ስደምር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ካወጣሁት ከእያንዳንዱ 100 ውስጥ 63ቱ፣ በኋላ ፈትቼ ለጣልኩት ወይም በግማሽ ዋጋ ለሸጥኩት ነገር የወጣ ሆኖ አገኘሁት። በሰው ገንዘብ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ከሥራ እባረር ነበር።

ከጽሑፉ ጋር ስለታተመው ፎቶግራፍም የምለው አለኝ። እንዲያውም ብዕር ያስነሣኝ እሱ ነው፤ ግን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራ ላንድ ክሩዘር 60 ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ አራት ሊትር የሚጠጋ የናፍጣ ሞተር፣ በአራቱም ጎማ ላይ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች)፣ ከፊትም ከኋላም ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ ወጥ አክስል። አካሉ ለብቻው፣ ከሥር የሚሸከመው ቻሲ ለብቻው ስለሆነ የተሰነጠቀውን ማየትም መበየድም ይቻላል። በብሎንና በዳዶ የሚፈታ መኪና ነው። ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው አሮጌ መኪና የሚመርጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሲበላሽ ምን እንደተበላሸ በዓይን ስለሚታይ ነው። ይህን ጸሐፊያችሁም ብሎታል፤ እስማማለሁ። የተለያየነው ከዚያ በኋላ ባለው ቅደም ተከተል ላይ ነው።

እኔ መኪናውን እንደገዛሁ ያደረግሁት የመጀመሪያው ነገር አራት የጣሪያ መብራትና አንድ የአየር መሳቢያ ቱቦ መግጠም ነበር። ቱቦው ያገለገለ ነው፤ ረከሰልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ከልጄ ጋር ሆነን ዝናብ የጠገበ ጥቁር አፈር ውስጥ ገባሁ። ማርሹን ወደ አራት ጎማ ለወጥኩት፣ የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዙትን መቆለፊያዎች በእጄ አዞርኩ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባሁ። መኪናው የኋላ ጎማዎቹን እያሽከረከረ ቁልቁል ከመቆፈር በስተቀር አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። ሁለት ሰዓት በአካፋ ታገልን። ሲመሽ መብራቶቹን አበራሁ። ልጄ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ «አባዬ፣ መብራቱ ግን ጥሩ ያበራል» አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ በየአጋጣሚው ታነሣብኛለች።

በማግስቱ በትራክተር ከወጣን በኋላ መኪናውን ያየው ወጣት መካኒክ የፊት ግራ ጎማውን መቆለፊያ ፈታው። ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ እንደ ሻማ ሆኗል። ከላይ ያለው መዞሪያ ይዞራል፣ ውስጥ ያለው ጥርስ ግን አይነክስም። የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፤ አንዱ ወገን ያለ ጭነት ከተሽከረከረ ለሌላው ወገን የሚደርሰው ኃይል ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ የግራው ስላልተቆለፈ የቀኙም ከንቱ ነበር። ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ መኪናዎ እስከ ዛሬ ባለ አንድ ዲፈረንሻል ነበር» አለኝ። የቀድሞው ባለቤት ከአስፋልት ወርዶ አያውቅም፤ እኔም ሳልፈትሽ መብራት ሰቀልኩበት። ጥገናው የጠየቀው የመኪና ሳሙና፣ ነጭ ጋዝ፣ አዲስ ግራሶና አንድ የወረቀት ጋስኬት ነው። በመዝገቤ ውስጥ ካሉት ወጪዎች ሁሉ ትንሿ ስትሆን መኪናውን የቀየረችውም እሷ ናት።

ይህን መፈተሽ ለማንም ከባድ አይደለም። የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደግፎ፣ ማርሹን በሁለት ጎማ ላይ ትቶ፣ ሁለቱንም መቆለፊያ ቆልፎ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሥቶ በእጅ ማዞር ነው። ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ አብሮ ከዞረ ያኛው ወገን ይሠራል፤ ከዚያ ሌላውን። በዚያው ጎማው በአየር ላይ እያለ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የመሪው መታጠፊያ ደክሟል ማለት ነው። ትልቅ ጎማ በደከመ ኩሽኔታ ላይ መጫን አሮጌ ምሰሶ ላይ ፎቅ መሥራት ነው። የፍሬን ቱቦዎችን፣ የራዲያተሩን ጎማዎች፣ ባሌስትራው ቻሲው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ በእጅ ባትሪ እያበሩ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ጸሐፊያችሁ ለዚህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠው፤ «መኪናው በጥሩ ሁኔታ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ»። እኔ ለዚህ አንድ ሙሉ ዓመት ሰጥቼዋለሁ።

ወደ ጎማ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይፈቀድልኝ፤ ምክንያቱም ከጥገና ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ብቸኛ ነገር እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ እንደተመከረው እኔም ባለ 35 ኢንች ጎማ ገጥሜ ነበር። ሙሉ ቁመቱ 889 ሚሊሜትር ነው። አሁን የምነዳበት፣ መጠኑ 235/85 አር 16 የሆነው ጎማ ደግሞ 806 ሚሊሜትር። ልዩነቱ 83 ሚሊሜትር ቢሆንም ዲፈረንሻሉ ከመሬት ከፍ የሚለው በግማሹ፣ ማለትም 41 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ሁለት ጣት ለሚያህል ቁመት የከፈልኩትን ደግሞ እነሆ። ሞተሩ ሁልጊዜ በሁለተኛ ማርሽ የሚነሣ ይመስል ነበር፤ ጎማው በ10 በመቶ ስላደገ ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ከብዷል። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል በእውነት የምሄደው በ88 ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ፍሬኑ ለትንሽ ጎማ የተሠራ ስለሆነ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ረዘመ። በዓመቱ ሸጥኳቸው።

ቀጭንና ረጅሙ፣ ጥርሱ ለጭቃም ለድንጋይም የሚሆነው ጎማ ለእንዲህ ዓይነት አሮጌና ከባድ መኪና ይበቃል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ብቻ አይይ፤ ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉትን አራት አኃዞች ያንብብ። 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተነካ ግን አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጎኑ ተሰነጣጥቆ አየር ቀንሰው በነዱበት የመጀመሪያ ቀን ሊፈነዳ ይችላል።

አየር መቀነስ አልኩ። ጽሑፋችሁ ውስጥ ይህ ጉዳይ ጨርሶ አልተነሣም፤ ነገር ግን ለአሮጌ መኪና ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ከነጻ የሚቆጠረው እሱ ነው። በአስፋልት ላይ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የምሞላውን ጎማ ድንጋያማ መንገድ ላይ ወደ 25፣ ለስላሳ አሸዋ ላይ ወደ 18 አወርደዋለሁ። ጎማው ወደ ጎን ከሚሰፋው በላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፤ ልክ ግመል እግሩን አሸዋ ላይ ዘርግቶ እንደሚረግጠው መሬቱን ሳይቆፍር ይይዘዋል። ድንጋይ ላይም ከመዝለል ይልቅ ይጠቀለልበታል፤ የመኪናው መንገጫገጭ በደንብ ይቀንሳል። በዚህ አየር ግን መፍጠን አይቻልም፤ እኔ አሸዋ ላይ ከ30 አላልፍም፣ መሪም በድንገት አላዞርም፤ አየሩ በጣም ካነሰ የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ሾልኮ ይወጣል። አስፋልት ከመውጣት በፊት መልሶ መሙላት ግዴታ ነው፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይበጣጠሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ የአየር መለኪያና በቀጥታ ከባትሪ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ኮምፕረሰር ነው። አሁን በየጉዞው የምጠቀምባቸው ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፤ መብራቶቹ ሁለት ጊዜ በርተዋል፤ አንዱን ጊዜ ነግሬአችኋለሁ።

መኪናን ከፍ ስለማድረግ። ይህ የእኔ ትልቁ ኪሳራ ስለሆነ ሳነሣው አሁንም ያመኛል። ባሌስትራው ላይ ወፍራም ቅጠል ጨመርኩ፣ ባሌስትራውን ከቻሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያም አስረዘምኩ፤ መኪናው በ100 ሚሊሜትር ከፍ አለ። መስተዋት ፊት እንደቆመ ጎረምሳ ዙሪያውን እየዞርኩ አየሁት። ማንም ያልነገረኝ ነገር ወጥ አክስል ባለው መኪና ላይ ባሌስትራ የሚያነሣው አካሉን እንጂ ዲፈረንሻሉን አለመሆኑን ነው። ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል በነበረበት ቁመት ቀረ፤ ከፍ ያለው እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ነው። ማንጠልጠያው ሲረዝም የፊት አክስሉ ስለዞረ መሪው ቀጥ ብሎ መመለሱን ተወ፤ በአስፋልት ላይ መኪናው እንደ ሰከረ ሰው ይቅበዘበዝ ጀመር። ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ አንግሉ ከርሮ ከ60 በላይ ሲሆን ይንቀጠቀጣል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ደግሞ የፍሬኑ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ አየሁት፤ ያን ቀን ነው ወደ ቤት ቀስ ብዬ የተመለስኩት። በተዳፋት ላይ ጎን ለጎን ስሄድም ሆዴ የሚነግረኝ ነገር ነበር፤ ክብደቱ ከፍ ያለ መኪና ቶሎ ይገለበጣል።

ከሁሉ የባሰው ወፍራሙ ቅጠል ነው። ባሌስትራው ስለደነደነ ጎማው ወደ ጉድጓዱ አይወርድም፤ በአየር ላይ ይቀራል። በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት የጓደኛውን ኃይል ይዞበት ይሽከረከራል። ለመውጣት ብዬ የከፈልኩት ገንዘብ መውጣት ከለከለኝ። አሁን የመጀመሪያውን ባሌስትራ አስፈትቼ፣ ዝገቱን አስጠርጌ፣ በቅጠሎቹ መካከል ግራሶ አስቀብቼ መልሼዋለሁ፤ ንዝረቱን ከሚያበርደው አዲስ አሞርዛተር ጋር። ከፍታው ፋብሪካው የሰጠው ነው። ከበፊቱ ይልቅ የሚሄድባቸው ቦታዎች ይበዛሉ። ከፍ ማድረግ በጭራሽ አያስፈልግም አልልም፤ 40 ወይም 50 ሚሊሜትር የሚያክል ለከፋ ድንጋይ የሚጠቅመው ሰው አለ። ነገር ግን ያን ሰው የሚጠብቀው ወጪ የባሌስትራው ብቻ አይደለም፤ የፍሬን ቱቦ ማስረዘሚያ፣ የፊት አክስሉን አንግል የሚመልስ የብረት ሽብልቅና ረዘም ያለ አሞርዛተር ጨምሮ ይደምር።

የአየር መሳቢያ ቱቦውን በተመለከተ አጭር ልበል። ሞተር ውኃ ከሳበ ያበቃለታል፤ ውኃ ስለማይታመቅ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ጥልቅ ውኃ የሚያቋርጥ ሰው ቱቦው ይጠቅመዋል። የእኔ ግን በመጋጠሚያዎቹ አየር የሚያስገባ ስለነበር ጌጥ ነው። በዚያ ጌጥ ተማምኜ እስከ ቸርኬው እምብርት ድረስ የሚደርስ ወንዝ ተሻገርኩ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። በወሩ የኋላ ዲፈረንሻል ማልቀስ ጀመረ፤ ዘይቱ ሲፈስ ወተት መስሏል። ለካ ሞቆ የነበረ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ዘይቱን በሚያግደው ጎሚኒ በኩል ውኃ ይስባል። እንዳይስብ የተሠራች ትንሽ መተንፈሻ በአክስሉ ላይ አለች፤ የእኔዋ በጭቃ ተደፍናለች። መድኃኒቱ መተንፈሻዋን አውልቆ በቦታዋ ቀጭን የነዳጅ ጎማ አስገብቶ ጫፉን ሞተር ክፍል ውስጥ ወይም ከኋላ መብራቱ ጀርባ ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሁለት ሜትር ጎማ ባለመግዛቴ ሁለት ኩሽኔታ ገዛሁ።

የጣሪያው ዕቃ መጫኛ ራሱ ባዶውን 50 ኪሎ ይመዝናል። በላዩ ትርፍ ጎማ፣ 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት የናፍጣ ጀሪካኖች (እያንዳንዳቸው ከነብረታቸው ከ20 ኪሎ በላይ ናቸው) ስጨምርበት አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ጎረምሳ ጣሪያ ላይ አስቀምጬ እንደመንዳት ነው። አወረድኩት። ከባዱን ነገር ዝቅ አድርጎ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል አስሮ መጫን ነጻ ነው። ግራና ቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞሩ ስለሚያደርገው የዲፈረንሻል መቆለፊያ ደግሞ ገንዘብ ያለው ይግዛ፤ ጥሩ ነገር ነው። ዲፈረንሻሉን በይዶ መቆለፍ ግን፣ ርካሽ ነው ተብሎ ቢወራም፣ አስፋልት ላይ በየመታጠፊያው ጎማ ይበላል፣ ዘንግ ይሰብራል። እኔ አንዱ የኋላ ጎማ በአየር ሲሽከረከር የእጅ ፍሬኑን በጥቂቱ እስባለሁ፤ በእኔ መኪና የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ የሚሽከረከረው ሲታገድ ኃይሉ ለሌላው ይደርሰዋል። ሁልጊዜ አይሠራም። ከሚሠራባቸው ቀናት አንዱ ግን ወጪውን፣ ማለትም ዜሮን፣ ይመልሳል።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ። ጭቃ የያዘው መኪና ከኋላ ይታያል፤ የመጎተቻ ገመዱ ተጎታች በሚያያዝበት ክብ የብረት ኳስ ላይ ተጠልፏል፤ ገመዱ ተወጥሯል፤ ከጎኑ አንድ ወጣት እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሎ ቆሟል። አዘጋጁ ሆይ፣ ያ ኳስ የተሠራው በጎማ ላይ የሚንከባለል ተጎታችን ለመሳብ ነው። ጭቃ የያዘን ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን መኪና በሚለጠጥ ገመድ ሲመነጭቁት በኳሱ አንገት ላይ የሚያርፈው ጉልበት እጅግ ብዙ ነው፤ አንገቱ ከተቆረጠ ገመዱ እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል። በተለያዩ አገሮች በዚህ መንገድ የተቆረጠ ኳስ የኋላ መስተዋት ሰብሮ ገብቶ ሰው ገድሏል።

ገመድ የሚታሰርበት ቦታ በቻሲው ላይ በጠንካራ ብሎኖች የተያዘና ለዚሁ የተሠራ ጋንቾ ነው፤ ከፊትም ከኋላም። ማያያዣው ብረት የሚችለው ክብደት በላዩ የተቀረጸበት ይሁን፤ ለእኔ መኪና 4.75 ቶን የሚለውን እጠቀማለሁ። የኋላ ጋንቾ የሌለው ሰው ኳሱ የተሰካበትን አራት ማዕዘን ቱቦ ካለው፣ ኳሱን ነቅሎ የገመዱን ቀለበት ቱቦው ውስጥ አስገብቶ በራሱ ወፍራም ፒን ሊያስረው ይችላል። ገመዱ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ይጣል። ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይራቅ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ይቆፈር፤ ከጎማው ፊት ያለውን አፈር በአካፋ ያነሣ ሰው የሚጎትተው ግማሹን ነው። እነዚህ ሁሉ፣ ጋንቾው፣ ማያያዣው፣ ገመዱና አካፋው፣ በመዝገቤ ከመብራቶቹ ያነሰ ወጪ ወጥቶባቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው በሚቀጥለው እትም ያንን ፎቶግራፍ የሚያርም ማስታወቂያ፣ ጽሑፉ በወጣበት ገጽና በዚያው መጠን፣ እንድታወጡ ነው። ምትክ ፎቶግራፍ ካስፈለጋችሁ መኪናዬን ለአንሺያችሁ አቆምለታለሁ። ነገር ግን የሚነጠፍ ነገር ይዞ ይምጣ፤ የማሳየው ሁሉ ከሥር ነው።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ